ቁልቁል የምታድር መኪና

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ይህ ነገር የሆነው ሰቆጣ ነው፤ ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ በመጣ በአንዱ ታኅሣሥ። ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግማሹን የነገረኝ ሾፌሩ ራሱ ነው። ሾፌር ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሲተርክ ዳገቱን ያረዝመዋል፣ ገደሉን ያጠልቀዋል። እኔ የቻልኩትን ያህል ደልድዬ አቀርብላችኋለሁ፤ የተረፈውን ጉብታ እናንተው ታገሡት።

ሰቆጣ የዋግ ኽምራ መዲና ናት። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ከባሕር ወለል ደግሞ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ታኅሣሥ ላይ ማለዳዋ ይናከሳል። ሰዉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ፣ ፀሐይ የደረሰበትን ግድግዳ እየመረጠ ይደገፋል። መኪና ግን ጋቢ የላትም፤ ሌሊቱን ከነብረቷ ትቀበለዋለች።

እኔ ወደ ኮረም የሚሄድ መኪና ስፈልግ አንድ የማር ነጋዴ «ከሾፌሬ ጋር ሂድ» አለኝና ሄድኩ። የሾፌሩን ስም ልተወው። ሰፈሩ «አያ» ይለዋል፤ እኔም አያ እለዋለሁ። መኪናዋ ናፍጣ የምትጠጣ ነጭ ፒካፕ ናት፤ ዕድሜዋን ቢጠይቋት የምትቆጣ ዓይነት። ኋላዋ ላይ የሰቆጣ ነጭ ማር በጀሪካን በጀሪካን ተጭኗል። ገባን፤ አያ አማተበና ቁልፉን አዞረ።

«ጠቅ» አለች።

ደገመ። «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።» ክሩስኮቱ ላይ የበሩት መብራቶች አመድ እንደለበሰ ፍም ደብዘዝ ብለው ሞቱ።

እኔ ልወርድና ሰው ልጠራ ስነሣ አያ እጄን ያዘኝ። «ተቀመጥ፣ ወንድምዓለም።» ራሱ ወርዶ ከፊት ጎማው ሥር አንድ ድንጋይ በእግሩ መታ። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙራ መቆሟን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ዘሎ ገባ፤ ፍሬኑን ለቀቀ፤ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ። መኪናዋ መንከባለል ጀመረች። አንዲት ዶሮ ሸሸች። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን አንሥተው አሳለፉን። ፍጥነት ስትይዝ ፍሪሲዮኑን ለቀቀው፤ ፒካፗ ተንገጫግጫ አንዴ አስነጠሰችና ጥቁር ጭስ ተፍታ ተነሣች።

«ሃያ ሦስት ቀኗ ነው» አለኝ።

«ምኗ?»

«ቁልቁል ማደር ከጀመረች።»

ሰቆጣ ጎርበጥባጣ መሬት ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች ቁልቁለት አይጠፋም። አያ የከተማዋን ተዳፋት ሁሉ በልቡ መዝግቦታል፤ ለቁርስ የሚቆመው የት እንደሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲስም የት እንደሚያቆም፣ ገበያ ቀን የቱ ቁልቁለት በፍየል እንደሚዘጋ። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ከቆመ ሞተሩን አያጠፋም። በሃያ ሦስት ቀን ያቃጠለውን ናፍጣ ቢደምረው ባትሪውን ሳይገዛ አይቀርም ነበር፤ ግን ይህን አልነገርኩትም።

«ለምን ሌላ ባትሪ አትገዛም?» ብቻ ነው ያልኩት።

ፊቱን አዙሮ ገላመጠኝ። «ጋራንቲ አለው እኮ!»

ከፀሐይ መከላከያው ሥር አንዲት የታጠፈች ካርድ አወጣ። ማኅተም አላት፤ ቀን አላት፤ «1 ዓመት» የሚል አላት፤ ከሥር ደግሞ ጉንዳን የጻፈው የሚመስል ደቃቅ ጽሑፍ አላት። ባትሪውን የገዛው ግንቦት ላይ፣ አዲስ አበባ፣ ከአንድ ሱቅ ነው። ሱቁን አልጠራላችሁም። ከግንቦት እስከ ታኅሣሥ ሰባት ወር ነው፤ አምስት ወር ገና ይቀራል። አያ ካርዷን እንደ ክታብ ነው የያዛት።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። ባትሪ የሚለውን ቃል እኛ እንዴት እንደምንጠቀምበት አስተውላችኋል? በእጅ የምትያዘው መብራትም ባትሪ ናት፤ መኪና ውስጥ ያለው ሣጥንም ባትሪ ነው። ሬድዮ ውስጥ የሚገባው ግን ድንጋይ ነው። ልጅ ሆነን ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር፤ ጎኑን በጥርስ የሚነክስም ነበር፤ ደግሞም አንድ ማታ ያህል ዜና ያሰማ ነበር። ከዚያ የቀረብን ይመስለኛል፤ የሞተ ባትሪ ትንሽ ቢለምኑት፣ ቢያሞቁት፣ ቢታገሡት ይነሣል ብለን እናስባለን። አያም ለሃያ ሦስት ቀን ሲለምነው ነው የከረመ።

ደግሞ አያ የቀበረው ባትሪ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በ2013 ዓ.ም መጨረሻ ጦርነቱ ዋግ ሲገባ ፒካፗን ከአንድ ዘመድ ግቢ አስገብቶ በጭድና በሸራ ሸፈናት። ከተማዋ መብራት አጥታ ለረጅም ጊዜ ጨለመች፤ ስልክም ባንክም ዝም አለ። መኪናዋ ለወራት ሳትነሣ ቆመች። ባትሪ ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚበላ ቤተሰብ ነው፤ ባትነኩትም በየወሩ ካለው ላይ ይቀንሳል። ባዶ ሆኖ ሲከርም ውስጡ ያሉት የእርሳስ ዝርግ ሰሌዳዎች ነጭ ጨው መሳይ ነገር ያበቅላሉ፤ ያ ነገር ከጠጠረ በኋላ ቻርጅ ቢያደርጉት አይሟሟም። አያ ሸራውን ሲገልጥ የጠበቀው እንዲህ ያለው ሬሳ ነው። ስለዚህ መንገዱ ሲከፈት አዲስ አበባ ወርዶ፣ ገንዘቡን ቆጥሮ፣ «ጋራንቲ ያለውን» ብሎ የገዛው ይህኛውን ነው። ብስጭቱ የገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ይህን ሲነግረኝ ነው።

ኮረም ደርሰን ተመለስን። በማግስቱ «ለምን ለባለሙያ አናሳየውም?» ብዬ ጎተጎትኩትና ወደ አንድ ጋራዥ ወሰደኝ። ኤሌክትሪሺያኑ ወጣት ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ኪሱ ውስጥ ካቻቪቴ የማይጠፋ። ሞተሩ እየሠራ ኮፈኑን ሲከፍተው የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ገጨን። አጠገባችን ሲጋራ የለኮሰ ሰው ነበር፤ ልጁ ቀና ሳይል «ያንን ይዘህ ወደዚያ» አለው። ባትሪ ሲጨነቅ የሚያወጣው አየር እሳት ይወዳል፤ ሣጥኑን እንደ ፈንጂ ከፍቶ አሲዱን ፊት ላይ የረጨበት ጊዜ አለ።

አያ ቸኩሎ ነበር። «ልጄ፣ ባትሪው መሞቱን ብቻ ጻፍልኝ።»

«ቆይ አያ። መጀመሪያ ገዳዩን እንፈልግ።»

የዲናሞውን ቺንጋ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ፤ አልላላም። የመለኪያዋን ሁለት ገመዶች በባትሪው ጫፎች ላይ አኖረ፤ 14.1 ቮልት። «ዲናሞው ደኅና ነው፤ ያበላዋል።» ሞተሩን አስጠፍቶ፣ አንዱን ገመድ ነቅሎ፣ መኪናዋ ተኝታ ሳለች ከባትሪው የሚሰርቅ ነገር እንዳለ ፈተሸ፤ ከ50 ሚሊ አምፔር በታች። «ሌባም የለም።» እኔ በዚህ ልጅ ደስ አለኝ። ስንቱ ባትሪ ነው በላላ ቺንጋና ነጭ ዝገት በበላው ማሰሪያ ጥፋት ተረግሞ ለቁራሌው የተሸጠ!

ከዚያ ባትሪውን አሳርፎ ለካው። 10.5።

አያ ግን ሌላ ማስረጃ ነበረው። የባትሪው ክዳን ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል መስታወት አለች፤ ውስጧ አረንጓዴ ይታያል። እዚያው የተለጠፈው ወረቀት አረንጓዴ ማለት ደኅና፣ ጥቁር ማለት ቻርጅ ይፈልጋል፣ ነጭ ማለት ይቀየር ብሎ ይተረጉማል። «ይኸው አረንጓዴ ነው!» አለ አያ። «ሞቷል የምትለኝ ከሆነ ይህች ዓይን ምን ታያለች?»

ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ከስድስት ቤት አንዱን።»

የነገረንን እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ። ያ ሣጥን አንድ ነገር አይደለም፤ ስድስት ክፍል ነው፤ በየክፍሉ የእርሳስ ሰሌዳና አሲድ አለ። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ፣ እኛ ዘንድ አፄ ቴዎድሮስ ዙፋን ላይ በነበሩበት ጊዜ፣ እርሳስና አሲድ አገናኝቶ ያገኘው ነገር ሥሩ እስከ ዛሬ ያው ነው። ጤነኛ ክፍል 2.1 ቮልት ያህል ይሰጣል፤ ስድስቱ ተያይዘው 12.6 ይሆናሉ። አረንጓዴዋ ዓይን ግን የተተከለችው ከስድስቱ አንዱ ክፍል ላይ ብቻ ነው፤ አሲዱ ሲጠነክር የምትንሳፈፍ፣ ሲሳሳ የምትሰጥም ትንሽ ኳስ ናት። ጎረቤቷ ያለው ክፍል ቢሞት አታይም። እንዲያውም የሙቱን ድርሻ ቻርጅ ሕያዋኑ አምስቱ ስለሚበሉት የእሷ ቤት ይጠግባል፤ አረንጓዴዋ ይበልጥ ይፈካል። የእንቁላሉም ሽታ የመጣው ከዚያው ጥጋብ ነው። 12.6 ላይ 2.1 ሲቀነስ ስንት ነው? 10.5። ይህን ያህል ያለው ባትሪ ሬድዮ ይከፍታል፣ መብራት ያበራል፤ ሞተሪኖውን ግን ማንቀሳቀስ አይችልም።

ልጁ መለኪያዋን አስይዞኝ ቁልፉን አዞረ። ቁጥሩ ከ10 ወደ 6 ወረደ። «ጤነኛ ባትሪ ሞተር ሲያስነሣ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም» አለ። ይህን ሁሉ በስልኬ ቀርጬዋለሁ፤ በኋላ ይጠቅመናል።

አሁን «ማን ገደለው?» ለሚለው። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ሙሉ በሙሉ ለአያ አልፈርድም። ልጁ ባትሪውን በእጁ ሲገፋው ተንቀሳቀሰ። የሚያጠብቀው ብረት ከጠፋ ቆይቷል፤ አያ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ ቀዶ በቅዳጁ አስሮታል። በአበርገሌ መንገድ ላይ እንዲህ የታሰረ ባትሪ እንደ ቅል ነው የሚናጠው፤ ከሰሌዳዎቹ የረገፈው እርሳስ ወደ ሥር ይወርድና ሁለቱን ሰሌዳ ያገናኛል። ያ ቤት አለቀለት። በዚያ ላይ ለሻደይ በዓል ሰሞን፣ ነሐሴ ላይ፣ እንግዳ ሲያመላልስ ነው የከረመው። ከዚያም በኋላ ፍየል ሊያመጣ ወደ ተከዜ ቆላ ሲወርድ፣ ኮፈኑ ሥር ያለውን ሙቀት ገምቱት። ሰዉ ባትሪ በብርድ የሚሞት ይመስለዋል። የለም፤ ባትሪን የሚገድለው ቆላ ነው። ደጋ መርዶውን ነው የሚነግር። በሙቀት የተጎዳ ባትሪ ጥቅምትን ኅዳርን እያነከሰ ያልፍና፣ ታኅሣሥ ሲነጋ ሞተሩ ዘይቱ ወፍሮ ብዙ ጉልበት ሲጠይቀው፣ ያን ጊዜ «ጠቅ» ይላል።

ግን ደግሞ ልጁ ክዳኑን በጨርቅ ጠርጎ፣ ፕላስቲኩ ላይ የታተመች አንዲት ፊደልና ቁጥር አሳየን። በአንዳንድ ፋብሪካ ፊደሏ ወሩን፣ ቁጥሩ ዓመቱን ይናገራሉ። በጣቱ ቆጠረ። ባትሪው ለአያ ሲሸጥ ከተሠራ 14 ወር ሆኖታል። ዓመት ከሁለት ወር መደርደሪያ ላይ፣ ማን ያውቃል ቻርጅ ሳያገኝ፣ ቆሞ ከርሟል። ጋራንቲው የሚቆጠረው ከተሸጠበት ቀን ነው፤ እርጅናው ግን ከተወለደበት ቀን ነው የጀመረው።

አያ ይህን ሲሰማ ስልኩን አወጣ። ድምፁን ከፍ አድርጎታልና ሁላችንም ሰማን።

«ጋሼ፣ ጋራንቲ አለው፤ ምንም ችግር የለም። ይዘውት ይምጡ፤ እንለውጣለን።»

«ያለሁት ሰቆጣ ነው።»

«ችግር የለም ጋሼ፤ ሲመችዎት።»

«ወንድሜ፣ ባትሪውን የማመጣበት መኪና ባትሪ የለውም!»

ዝምታ። ከዚያ፦ «ዓይኑ ምን ዓይነት ነው?»

አያ ውሸት አያውቅም። «አረንጓዴ» አለ።

«እንግዲያ ደኅና ነው ጋሼ፤ ዲናሞዎን ያሳዩ» ብሎ ዘጋው።

በአውቶቡስ እንዳይልከው አሲድ ያለበትን ዕቃ ከመንገደኛ ጋር ማን ይጭነዋል? ራሱ ይዞት እንዳይሄድ መሳፈሪያው፣ አልጋው፣ የቀረው ሥራ ተደምሮ ከባትሪው ዋጋ ሊበልጥ ነው። አያ ካርዷን ዘርግቶ፣ ደቃቁን ጽሑፍ ከዓይኑ እያራቀ እያቀረበ ሊያነበው ሞከረ። አጠገባችን ቡና የሚጠጡ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ድሮ ፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ናቸው። «አምጣት» አሉ።

መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቧት፤ ገልብጠውም ጀርባዋን አዩ።

«መቼ ነው ጉድለቱን ያወቅከው?»

«ሃያ ሦስት፣ አሁን ሃያ አራት ቀኑ ነው አባባ።»

«መቼ ነው የነገርከው?»

«አሁን፤ እንደሰሙት።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ተጠያቂ ነው እንደሚል፣ ገዢው ግን ጉድለቱን እንዳገኘ ሳይዘገይ ማስታወቅ እንዳለበት ነገሩት። በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ጉድለት ያለበትን ዕቃ ያስለውጣል፣ ወይም ገንዘብ ያስመልሳል፤ ግን በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው በካርዷ የተገባው ቃል ነው። «አንተ ሃያ ሦስት ቀን ቁልቁለት ስትፈልግ ከረምክ፤ አንድ ቀን ስልክ ብትደውል ምን ነበረበት?»

አያ መሬት መሬት አየ።

«ለመሆኑ ዋስህ ማን ነው?» አሉት ቀጥለው።

«ይኸዋ!» ካርዷን አሳያቸው።

«ይህች ወረቀት ናት። ዋስህ ማን ነው ነው የምልህ።»

እዚህ ላይ ሽማግሌው ያወጉንን ሁሉ ብነግራችሁ ይመሻል። በድሮው ሙግት ተሟጋች አፉን ከመክፈቱ በፊት «ዋስ ጥራ» ይባል ነበር፤ ዋስ ማለት ሰው ነው፤ ስም ያለው፣ ቤቱ የሚታወቅ፣ ሲጠፉ የሚያዝ ሰው። በግዕዝም «ዋሕስ» ነው። ዋስ ያጣ ከባላጋራው ጋር በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ይውል ነበር፤ ቁራኛ የሚባለው ያ ነው። (እኔ አያንና ባትሪውን አየሁና ቁራኛ ማለት እነዚህ ናቸው አልኩ በልቤ።) አሁን ግን ቃሉን ከሰውየው ላይ ገፈን ወረቀት አለበስነው፤ የእስረኛውም፣ የብድሩም፣ የባትሪውም አንድ ስም «ዋስትና» ሆነ። ዋሱ ግን ከመሐል ወጥቶ ሄደ።

ሽማግሌው በዚህ አልቆሙም፤ የዋግ ሰው ታሪክ ሲጀምር ከዛጉዌ ወዲህ አያቆምም። ትውፊቱ በ13ኛው መቶ ዘመን መንግሥት ከዛጉዌ ወደ ይኩኖ አምላክ ሲዛወር ቃል ኪዳን ተደረገ ይላል፤ የዛጉዌ ዘር ዙፋኑን ይልቀቅ፣ ዋግ ግን ከነክብሩ ለእርሱ ይሁን ተብሎ። ዋግሹምነት የተወለደው ከዚያ ነው ይባላል። ዋግሹሙ ንጉሡ ዘንድ ሲደርስ ነጋሪት ማስመታት መብቱ ነበር አሉ። ዋግሹም ጎበዜማ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው እስከ መንገሥ ደርሰዋል። «ይኸውልህ፣ ያ ቃል መቶ ዓመት በመቶ ዓመት ላይ ሲደራረብ ቆየ። ለምን ቆየ? የአንተ ቃል ሰጪ አዲስ አበባ ነው፤ ቃል ተቀባዩ አንተ ሰቆጣ ነህ፤ በመሐላችሁ ማንም የለም። እነርሱ ግን በመሐላቸው ካህን ነበራቸው።»

ደግሞ ሳቁ። በ2007 ዓ.ም ሐምሌ መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ነው የሚባል፤ በዚች ከተማ ስም። «በስማችን አገር ቃል የገባልን ሰዎች ነን፤ አንድ የባትሪ ቃል ያቅተን?»

እንዲህ ሆነና ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ። «አንተ የምትሄደው አዲስ አበባ አይደል?» አለ አያ። ካርዷን፣ ቪዲዮውን፣ የታተመችውን ፊደል ፎቶ ይዤ ከዋግ ወረድኩ።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ ባትሪ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ባለ ሱቁን ሌባ አድርጌ ነበር የጠበቅኩት፤ አይደለም። ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አየው። ቁጥሩ 6 ላይ ሲደርስ ከንፈሩን መጠጠ። ፊደሏንም አየ፤ እሷን ሲያይ ዝም አለ። «ቤት ሞቶበታል» አለ በመጨረሻ። «እለውጥለታለሁ። ግን አሮጌው ሳይመጣ አዲሱን አልሰጥም።»

«ለምን?»

«አስመጪው ሬሳውን ካላየ ለእኔ አይለውጥልኝም። ከዚህ በፊት ለክፍለ ሀገር ሰው አዲሱን አስቀድሜ ላክሁ፤ አሮጌው ቀረ። እርሳሱን ለቁራሌው ሸጠውታል። ለእነርሱ እኔ አለሁ፤ ለእኔስ ዋሴ ማን ነው?»

እኔ ደረቴን ነፋሁ። «እኔ ዋስ እሆናለሁ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «አንተን አላውቅህም» አለ።

እውነቱን ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ልጅ የኤሌክትሪክ መኪና ነድቶ መጥቶ ቆሞ ይጠብቃል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ካለ ወዲህ ከተማው በእነዚህ ተሞልቷል። «አንተ ደግሞ ምን ልትሠራ መጣህ?» ብለው፣ ለካ በዚያም መኪና ውስጥ ለብቻዋ የተቀመጠች ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አለች፤ እሷ ስትሞት ትልቁ ባትሪ ሞልቶ እያለ መኪናው አይነቃም። ባለ ሱቁ «ከእርሳስ ማን ያመልጣል» ብሎ ሳቀ።

ሳቁን አይቼ ደፈር አልኩና ለአያ ደወልኩ። «እዚህ ሱቅ የሚታወቅ የሰቆጣ ሰው አለህ?» አያ ትንሽ አሰበና የአንድ አይሱዙ ሾፌር ስም ጠራ። ባለ ሱቁ ስሙን ሲሰማ ፊቱ ተፈታ። «እሱማ ወንድሜ ነው! ጎማውንም ባትሪውንም ከእኔ ነው የሚወስድ።» ተደወለ። አይሱዙው ደሴ ላይ ጭነት እያራገፈ ነበር። ነገሩን በሁለት ደቂቃ ሰማና «ስጠው። አሮጌውን እኔ ይዤልህ እመጣለሁ። ዋሱ እኔ ነኝ» አለ። ባለ ሱቁ ስልኩን ዘግቶ አዲስ ባትሪ ከመደርደሪያ አወረደ። እኔ ያን ጊዜ የታተመችውን ፊደል ጎንበስ ብዬ አየሁ። እሱም አየኝ። መልሶ ሰቀለውና ከጀርባ ሌላ አወጣ፤ የሁለት ወር ነው። ካርድ ሲጽፍልኝ ግን «1 ዓመት» አላለም፤ ከአሮጌው የቀረውን ጻፈ። በዚህ ልከራከር አሰብኩና ተውኩት።

ባትሪው በአይሱዙ ወደ ዋግ ወጣ፤ በእንጨት ሣጥን፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ዙሪያውን ጭድ ተጠቅጥቆበት። መንገዱ አንድ ጊዜ ተዘግቶ፣ አንድ ጊዜ ተከፍቶ፣ በ19ኛው ቀን ደረሰ። በዚያው መኪና አሮጌው ተመልሶ ወረደ። ባለ ሱቁ «ሬሳው ደርሷል» ብሎ መልእክት ላከልኝ።

ለጥምቀት ተመልሼ ሰቆጣ ስገባ ፒካፗ እዚያው ጋራዥ ውስጥ ነበረች። ኤሌክትሪሺያኑ በዚህ መሐል ከብረት ቆርጦ ማሰሪያ ሠርቶላታል፤ ባትሪውን ስገፋው ንቅንቅ አላለም። አያ ጎንበስ ብሎ አረንጓዴዋን ዓይን ሊያይ ሲል ልጁ ከኪሱ ጥቁር ፕላስተር አውጥቶ ቆረጠና ዓይኗ ላይ ለጠፈባት።

«አስነሣት አያ።»

ቁልፉን አዞረ። «ጠቅ» የለም። በአንድ ጊዜ ተነሣች። ሽማግሌው ከቡናቸው ላይ ሆነው ዱላቸውን ከፍ አደረጉ።

ማታ ከታቦቱ ሽኝት ተመልሰን ሰፈሩ ደረስን። የአያ ግቢ በር ፊት ለፊት ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ የተመቸ ቦታ አለ። አያ አለፈው። ሃምሳ ሜትር ያህል ወደ ላይ ነድቶ ዞረ፤ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ አቆማት። ወረደና በጨለማው ውስጥ በእጁ ባትሪ እያበራ ያቺን ድንጋይ ይፈልግ ጀመር።